ለእርስዎ ብቻ የተዘጋጀ የካዛኪስታን ጉዞ

«ለእርስዎ ብቻ የተዘጋጀ» የሚል ቃል ጆሮዬ በገባ ቁጥር የግንባሬ ሥር ይገተራል። ባንክ ቤት ይሉታል፤ ስልክ መሸጫ ይሉታል፤ ሰሞኑን ደግሞ የሳሙና ማስታወቂያ ላይ ሰማሁትና ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። ሳሙናው ለእኔ ብቻ ከተዘጋጀ ሚስቴ በምን ልትታጠብ ነው? ምን እንዲህ እንዳስቆጣኝ ልንገራችሁ። ንዴቴ ገና ስላልበረደ ድምፄ አንዳንድ ቦታ ላይ ከፍ ቢል ይቅርታ አልጠይቅም።

የምኖረው ነገሌ ቦረና ነው። አንዲት የእንስሳት መድኃኒት ቤት አለችኝ። የኛ ከተማ ሰው ራሱ ሲታመም «ነገ ይሻለኛል» ብሎ ይተኛል፤ ግመሉ ሲያስነጥስ ግን ጎህ ሳይቀድ በሬን ያንኳኳል። በዚህ ተማርሬ አላውቅም። የሚያማርረኝ ቤቴን መናኸሪያው አጠገብ መሥራቴ ነው። ቦታውን ያስገዛኝ ደላላ «ለገበያ ቅርብ፣ ለመስጊድ ቅርብ፣ ለመንገድ ቅርብ» ብሎ ሲያሞግሰው ለዘመድም ቅርብ መሆኑን ሳይነግረኝ ቀረ።

የባለቤቴ የሀዋ ዘመዶች ፊልቱ ናቸው፤ የእኔ ደግሞ አሬሮ። ከፊልቱ የሚመጣው ሆስፒታል ቀጠሮ ሲኖረው፣ ፍርድ ቤት ሲጠራ፣ ወደ አዲስ አበባ ሲያልፍ፣ ከአዲስ አበባ ሲመለስ እኛ ጋ ያድራል። ከአሬሮ የሚመጣው ከብት ሊሸጥ ይመጣል። ካልተሸጠለት እስኪሸጥ ይቆያል፤ ከተሸጠለት ደግሞ ደስ ስላለው ይቆያል። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ እኛ ዘንድ ከረሙና ሊሄዱ ሲሰናበቱ ለእኔ የሀዋ አጎት፣ ለሀዋ ደግሞ የእኔ አጎት እየመሰሉን እንደነበር ታወቀ። የማንም አጎት አልነበሩም። መልካም ሰው ናቸው፤ አሁንም ይመጣሉ።

ይህን ሁሉ ሰው የምታስተናግደው ሀዋ ነች። ጠዋት ገበያ ሱቋን ከፍታ ሻሽና የሴት ልብስ ትሸጣለች፤ ከሰዓት ወደ ቤት ተመልሳ ሁለተኛውን ሥራዋን ትጀምራለች። ሩዙ፣ ሻዩ፣ ፍራሹ፣ የእግር ውሃው፣ የሚሰገድበት ምንጣፍ፣ የታመመው ሰው መድኃኒት። እኔ ምን አደርጋለሁ? እንግዳ አጫውታለሁ። ይህም ሥራ ነው ብዬ አምን ነበር።

አንድ ቀን ሱቋ ውስጥ ራሷን አዞራትና ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ የደም ግፊቷን ለካ፤ እንደገና ለካ፤ ከዚያ መነጽሩን አውልቆ «እማማ፣ የሚያርፉት መቼ ነው?» አላት። ሀዋ ጥያቄው አልገባትም። ወደ እኔ ዞረች። እኔም አልገባኝም። ሐኪሙ መድኃኒት ጻፈላትና እኔን ለብቻዬ ወደ በሩ ወስዶ «ይህቺ ሴት ከሰው ራቅ ብላ ካላረፈች መድኃኒቱ ብቻውን አያድናትም፤ ቀልድ አይደለም» አለኝ።

ያን ሰሞን ቴሌቪዥን ላይ ስለ አንድ ሩቅ አገር ያሳዩ ነበር። ሜዳ ነው። ዓይን እስኪደክም ሣር። መሃሉ ላይ አንድ ክብ ነጭ ድንኳን፣ ከድንኳኑ በላይ ሰማይ፣ ከዚያ ውጪ ምንም። ሀዋ ትሪ እንደያዘች ቆመች። ሀዋ ቴሌቪዥን ፊት ቆማ አታውቅም።

«ይሄ የት ነው?» አለችኝ።

«ካዛኪስታን ይላል።»

«ሰው የለበትም?»

«ይኖራል። ግን አገሩ ሰፊ ነው፤ ካርታው ላይ የኛን አገር ሁለቴ ይውጣታል። አንዱ ከሌላው ርቆ ነው የሚኖረው።»

«ዘመድ አለን እዚያ?»

«ኧረ የለንም።»

«እዚያ ውሰደኝ» አለችና ትሪውን ይዛ ገባች።

በትዳር ስንኖር ከእኔ የጠየቀችኝ ነገር ቢኖር የጣራ ቆርቆሮ ነው። ስለዚህ ወሰንኩ። አዲስ አበባ የምትኖረው ልጃችን ሰዓዳ አንድ የጉዞ ወኪል አፈላልጋ ስልኩን ላከችልኝ። ቢኒያም ይባላል። ፓስፖርት ለማውጣት የተንከራተትነውን እተወዋለሁ፤ እሱ ራሱን የቻለ ንዴት ስለሆነ ከዚህኛው ጋር ከቀላቀልኩት ለጤናዬ አይሆንም።

ለቢኒያም ደወልኩለት። ድምፁ ማር የተቀባ ነው። «ጋሼ፣ እኛ ዝም ብለን ጉዞ አንሸጥም። ለእርስዎ ብቻ የተዘጋጀ ጉዞ ነው የምንሠራው። መጀመሪያ ህልምዎን ይንገሩኝ።»

«ህልም የለኝም። ሚስቴ ማረፍ አለባት። ካዛኪስታን፣ ሰው የማይደርስበት ሜዳ፣ ሁለት ሰው» አልኩት።

«በጣም ደስ ይላል። ዓይንዎን ጨፍነው ሜዳውን ሲያስቡ ምን ይሰማዎታል?»

እኔ በዚያን ሰዓት ከመድኃኒት ቤቴ ጠረጴዛ ኋላ ቆሜ ነው። ፊት ለፊቴ አንድ ሰው የፍየል ትል መድኃኒት እየጠበቀ ያፈጠብኛል። ዓይኔን ጨፈንኩ። ለሚስት ሲባል ስንት ነገር ይደረጋል። «ጸጥታ ይሰማኛል» አልኩት። ሰውየው ወደኋላ አንድ እርምጃ ሸሸ።

በሳምንቱ ቢኒያም ዕቅዱን በስልኬ ላከልኝ። ከነፎቶው። ሀዋን ጠርቼ አጠገቤ አስቀምጬ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። «ከከተማ ኑሮ ጭንቀት ተላቀው እውነተኛውን የአርብቶ አደር ሕይወት ይቀምሳሉ» ይላል። ቀጠልኩ። በድንኳን ማደር። ጎህ ሲቀድ ተነስቶ እንስሳት ማለብ። ግመል መጠበቅ። በእጅ ከጉድጓድ ውሃ መቅዳት። የእንስሳት እበት ለቅሞ እሳት ማንደድ።

እዚህ ላይ ማንበቤን አቆምኩ። እኔ የተወለድኩት አሬሮ ውስጥ ከከብት በረት አጠገብ ነው። በድርቅ ጊዜ ከብት እየነዳን ዱብሉቅ እንወርድ ነበር፤ እዚያ ካለው ኤላ ከሚባል ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ከሌሎች ጎረምሶች ጋር መሰላሉ ላይ ተደርድሬ ውሃ በባልዲ ወደላይ ስወረውር ነው ያደግሁት። ይኸው ዛሬም ዝናብ ሊመጣ ሲል ትከሻዬ ቀድሞ ያውቃል። ያንን ሕይወት ለመሸሽ ነው ተምሬ መድኃኒት ቤት የከፈትኩት። አሁን አንድ ካልሲውን በማሽን የሚያሳጥብ ልጅ በአውሮፕላን ባሕር አሻግሮ፣ አስከፍሎ ውሃ ሊያስቀዳኝ ነው።

ደወልኩለት። «ቢኒያም፣ አባቴ ይህን ሁሉ በነጻ ያሠራኝ ነበር» አልኩት።

«ጋሼ፣ ደንበኞቻችን በጣም የሚወዱት ክፍል እኮ ነው።»

«ደንበኞችህ ከየት ናቸው?»

«ከቦሌ።»

«እኔ ከነገሌ ነኝ። ማለቡን አውጣ። ጉድጓዱን አውጣ። እበቱን አውጣ።»

«እሺ ጋሼ፤ ለእርስዎ ብቻ ነው የሚስተካከለው።»

ሀዋ ፎቶው ላይ ያለውን ሜዳ በጣቷ እያሰፋች ታያለች።

እዚህ ድረስ ነገሩ በሁለታችን መካከል ነበር። ያፈሰስኩት እኔው ነኝ። አባ ጂሎ የሚባሉ ጎረቤታችን አሉ፤ በግመል ጉዳይ ከተማው ሁሉ የሚሰማቸው ትልቅ ሰው። ሻይ ቤት ተቀምጠን ስለ ግመል ዋጋ ሲያወሩ እኔ ዕውቀቴን ለማሳየት «ካዛኪስታን ያለው ግመል እኮ ሁለት ሻኛ ነው ያለው» አልኩ።

አባ ጂሎ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ሁለት ምን?»

«ሻኛ። አንድ ከፊት፣ አንድ ከኋላ።»

«ጭነቱስ የት ይቀመጣል?»

«መሃል ይመስለኛል።»

«ሰውስ?»

«ሰውም መሃል።»

«ጭነቱና ሰውየው አንድ ላይ?» ሻይ ቤቱ ሳቀ። እኔ ደግሞ ሲሳቅብኝ አልወድም። «ሄጄ በዓይኔ ሳየው ፎቶ አንስቼ አመጣልዎታለሁ፤ ከሀዋ ጋር ልንሄድ ነው» አልኩ። ከአፌ ወጣ። ምላሴን ልውጠው ብሞክርም ጊዜው አልፏል። ከሻይ ቤቱ እስከ ቤቴ ስሄድ መንገድ ላይ አምስት ሰው «ናጋ? አካም? ካዛኪስታን መቼ ነው?» ብሎ ሰላም አለኝ። ወሬ ከሰው ይፈጥናል ማለት ነው፤ ወሬው ቀድሞኝ ቤቴ ገብቶ ሻይ እየጠጣ ነበር።

ማለትም የሀዋ ታናሽ ወንድም አብዲ ከፊልቱ ደርሶ ነበር። አብዲ የሸቀጥ ነጋዴ ነው። እኔን «ሶዳ» ይለኛል፤ በኦሮምኛ አማች ማለት ነው፤ አብዲ ግን ሲጠማው የሚጠራኝ ይመስለኛል።

«ሶዳ፣ ደስ የሚል ወሬ ሰማሁ» አለኝ። «ብቻችሁን የማታውቁት አገር አትሄዱም። እኔ አለሁ።»

«አብዲ፣ ሀዋ ከሰው ራቅ ብላ እንድታርፍ ነው ሐኪሙ ያዘዘው።»

«እኔ ሰው ነኝ እንዴ? ወንድሟ ነኝ።»

በማግስቱ ከሄደ በኋላ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አላለቀም። አብዲ ሻዩን ሲጠጣ «እስቲ ስልክህን ላንዴ» ብሎኝ ነበርና የቢኒያምን ቁጥር ወስዷል። ከዚያ ወዲህ ለእኔ ብቻ የሚዘጋጀውን ጉዞ የሚያዘጋጁት አብዲና ቢኒያም ሆኑ። አንድ ቀን ቢኒያም ይደውልና «ጋሼ፣ የምሥራች አለኝ። እዚያ ዘመድ እንዳለዎት አልነገሩኝም ነበር» ይለኛል።

«ምን ዘመድ?»

«አቶ አብዲ ነገሩኝ። የጎረቤታቸው የእህት ልጅ እዚያ ትምህርት ላይ ነው። ከጓደኞቹ ጋር አውሮፕላን ማረፊያ ይቀበላችኋል። እሱ ቤት ነው የምታርፉት። ሃያ የሚሆኑ ያገራችን ልጆች ተሰብስበው ሊያስተናግዷችሁ ነው። ወይዘሮ ሀዋ የእናት እጅ ምግብ ይሠሩልናል ብለው በጣም ጓጉተዋል።»

ስልኩን ከጆሮዬ አነሳሁትና አየሁት። ስልኩ ምን ያድርግ። ይህን ያህል ምድር ባለበት፣ የሰው ዘር እንደ ጨው ብትን ባለበት አገር፣ ሀዋ ሩዝ የምትቀቅልለት ሰው አግኝተውላታል።

እንቢ አልኩ። ጮኽኩ። ቢኒያም «ገባኝ ጋሼ» አለኝ። የዚህ ልጅ «ገባኝ» የሚለው ቃል ምን እንደሚገባው እስካሁን አልገባኝም። በየሁለት ቀኑ አዲስ ዕቅድ ይልካል፤ በየዕቅዱ ሜዳው እየጠበበ ሰዉ እየበዛ ይሄዳል። አንድ የአሬሮ ዘመዴ የሁለት ሻኛ ኮርማ ግመል ግዛልኝ አለኝ፤ በምን እንደማመጣው ስጠይቀው «አውሮፕላኑ ትልቅ አይደለም እንዴ?» አለኝ። የማላውቃት ሴት መድኃኒት ቤቴ ድረስ መጥታ ለልጇ ሚስት እንድፈልግላት ነገረችኝ። ቀይ እንድትሆን አሳሰበችኝ። ሀዋ ደግሞ ስለ ጉዞዋ ሊጠይቁ ለሚመጡት ሰዎች ሻይ ስታፈላ ውላ ታመሻለች። ማረፏ ከመጀመሩ በፊት በዕረፍቱ ደከመች። አንድ ከሰዓት ላይ ግድግዳ ተደግፋ ዓይኗን ጨፍና አየኋትና የሐኪሙ ፊት ትዝ አለኝ። ፈራሁ። ፍርሃቴ ደግሞ ወደ ሌላ ሳይሆን ወደ ንዴት ሄደ፤ የእኔ ሁሉ ነገር ወደዚያው ነው የሚፈሰው።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ አብዲ ተመልሶ መጣ። አሁን ብቻውን አልነበረም። የሀዋ እናት አዴ ሞሚና አብረውት ናቸው፤ ጓዛቸውን በትልቅ ሻሽ ቋጥረዋል፤ ለሶላት የሚታጠቡበትን የውዱእ ማሰሮአቸውን በእጃቸው ይዘዋል። አማቴን አከብራቸዋለሁ፤ ከእሳቸው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። «አዴ፣ እንኳን ደህና መጡ። ለሆስፒታል ነው?» አልኳቸው።

«ለካዛኪስታን ነው» አሉኝ፤ የቀጣዩን መንደር ስም እንደሚጠሩ ሁሉ።

አባ ጂሎም ገቡ። የመጡት ከሁለት ሻኛው ግመል ፀጉር ተቆርጦ በማስረጃነት እንዲመጣላቸው ለማሳሰብ ነበር፤ ፎቶ ይቀነባበራል ብለዋል። የደረሰ እንግዳ ሁሉ ተሰበሰበ። ሀዋ ቴርሞስ ይዛ እየዞረች ትቀዳለች። አብዲ ስልኬን ተቀብሎ ድምፁን ለቆ ለቢኒያም ደወለና ምንጣፉ መሃል አስቀመጠው።

«ሰላም ጋሼ» አለ ቢኒያም። «የመጨረሻው ዕቅድ ደርሷል። አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሆናችኋል፤ በጣም ደስ የሚል የቤተሰብ ጉዞ ነው።»

«ሜዳውስ?» አልኩት።

«የቱ ሜዳ?»

«ሣሩ። ድንኳኑ። ሰው የሌለበት።»

«እሱን አወጣነው ጋሼ። ለአዛውንት አይመችም ተብሎ። በምትኩ የገበያ አዳራሽ ጉብኝት አስገብተናል። ሦስት አዳራሽ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሌሎች ናቸው የነገሩኝ። ቆሜ ነበር አሉ። ብርጭቆ ረግጬ ነበር አሉ። የራሴን ድምፅ የሰማሁት መጨረሻው ላይ ነው፤ «ሰርዘው። ሁሉንም ሰርዘው። ማንም የትም አይሄድም፤ እኔም አልሄድም፤ ከዚህ ቤት ካዛኪስታን የሚል ሰው ግመል ይርገጠው» እያልኩ ነበር። አማቴ ፊት። አባ ጂሎ ፊት። ቢኒያም «ገባኝ ጋሼ» አለ።

አብዲ ወደ ምንጣፉ አቀረቀረ። አንድ እንግዳ የጎረሰውን ሳያኝክ ያዘው።

ሀዋ ቴርሞሱን አስቀመጠች። ጎንበስ ብላ ስልኩን አነሳችው። «ቢኒያም፣ እኔ ሀዋ ነኝ» አለች። ድምፅዋ ሻይ ልቅዳ ወይ ስትል ካለው ድምፅ አይለይም። «የመጀመሪያው ዕቅድ አለ? ድንኳኑ ያለበት?»

«አለ እማማ።»

«ማለቡንና መቅዳቱን አውጣው። ድንኳኑንና ሜዳውን ተው። ለአንድ ሰው አድርገው።»

«ለሁለት» አልኩ እኔ።

«ለአንድ» አለች።

«እኔስ ሀዋ?»

ዞር ብላ አየችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቢኖራት ይሻለኝ ነበር። «አባ ሰዓዳ፣ እኔ ማረፍ የፈለግኩት ከሰው ነው። አንተ ሰው አይደለህም?»

ቤቱ ተንጫጫ። አብዲ ሴት ብቻዋን እንዴት ባሕር ትሻገራለች አለ። አባ ጂሎ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል አሉ። እኔ መቀመጫዬን ፈልጌ አጣሁትና መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አዴ ሞሚና ብቻ ማሰሮአቸውን እያሻሹ ቆዩ። ሲናገሩ ሁሉም ተወ።

«እኔ ልጅ ሆኜ ግመል ስጠብቅ ቀኑን ሙሉ ሰው አላይም ነበር» አሉ። «አኮርፋለሁ፣ እዘፍናለሁ፣ ዛፍ ሥር እተኛለሁ። ማንም ሞሚና ብሎ አይጠራኝም። ከዚያ ዳሩኝ። ያን ቀን እስከ ዛሬ መልሼ አላገኘሁትም። ልጄ ታግኘው። ትሂድ።»

ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ። በእንዲህ ያለ ሰዓት ላይ ነበር እኚህ አማቴ ቋጠሮአቸውን መፍታት የጀመሩት። «እኛ እዚሁ ሆነን ቤቱን እንጠብቅላታለን» አሉ።

ሁሉም ተስማማ። የዚያን ቀን ከቤቴ የወጣ ሰው ቢኖር አባ ጂሎ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ጎረቤት ስለሆኑ ነው።

ሀዋ ሄደች። ሰዓዳ አዲስ አበባ ተቀብላ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘቻት፤ እዚያ ደግሞ አስጎብኚዋ ሴት እንድትሆን ቢኒያም አመቻችቶ ነበር። ለዚህ አመሰግነዋለሁ፤ ለሌላው ግን ከእሱ ጋር ገና አልጨረስንም።

እኔ ነገሌ ቀረሁ። ልንገራችሁ፦ በቤታችን ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ አውቅ ነበር፤ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ ግን አላውቅም። በርሜሎቹ ባዶ ሆነው ሳገኛቸው ተናደድኩ። በማን እንደምናደድ ፈልጌ አጣሁ። ሰው ሁሉ እግሩን ዘርግቶ ውሃ ይጠብቃል። ከአህያ ጋሪ ላይ ጀሪካን ተሸክሜ ስገባ ያ የዱብሉቅ ትከሻዬ ጮኸ። ሩዝ ቀቀልኩ፤ ታቹ አረረ፣ ላዩ ጥሬ ሆነ፤ መሃሉ ላይ ጥሩ ነበር። መሃሉን አዴ ሞሚና በሉት። ፍራሽ ሳነጥፍ አንዱ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ እግሬን አልዘረጋም ይላል፤ ሌላው በር አጠገብ ይበርደኛል ይላል፤ ነገሌ ውስጥ፣ በዚያ ሙቀት። አዲስ የሚገባው እንግዳ «ሀዋ የለችም እንዴ?» ይላል። «ካዛኪስታን ሄዳለች» እላለሁ። «በሰላም ትመለስ» ይልና ይቀመጣል። ይቀመጣል እኮ። መድኃኒት ቤቴን ቀን በቀን ጠዋት ከፍቼ እኩለ ቀን እዘጋለሁ። የግመል ባለቤቶች ሰላምታዬን መቀበል ተዉ።

አዴ ሞሚና ሁሉንም ያያሉ። አንዳንዴ ሳቃቸውን በሻሻቸው ሲሸፍኑ አይቻለሁ፤ ሳል ነው ይሉኛል።

አንድ ከሰዓት ላይ እኔ ብርጭቆ እያጠብኩ ስልኬ ጮኸ። ሀዋ ነበረች፤ በአስጎብኚዋ ስልክ። ነፋስ ይሰማል።

«ደህና ነሽ? ግፊትሽስ?»

«ደህና ነኝ። መጀመሪያ ላይ ተኛሁ፤ ዝም ብዬ ተኛሁ። ከዚያ ወጣሁና ሜዳው ላይ ሄድኩ። ማንም አልጠራኝም። ደግሜ ሄድኩ። ትናንት ግን ሳላስበው ከድንኳኑ ባለቤት ሴትዮ ማዕድ ቤት ገብቼ ስኒ ማጠብ ጀመርኩ። እጄ ራሱ ነው የጀመረው። ሴትዮዋ መጣችና ከእጄ ላይ ወሰደችው። አስቀመጠችኝ። አባ ሰዓዳ፣ አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ አላውቅም። ከእጄ ላይ ስኒ የወሰደ ሰው የለም መሰለኝ።»

በእጄ የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩ።

«ጋበዝኳት» አለችኝ።

«ማንን?»

«ሴትዮዋን። ነገሌ ትምጣ አልኳት። ከእህቷ ጋር።»

«ሀዋ፣ በምን ቋንቋ?»

«በእጅ። ገብቷታል። ግመሉ ሁለት ሻኛ እንዳለው ለአባ ጂሎ ንገራቸው፤ ጭነቱ መሃል ነው።» ነፋሱ ድምፅዋን ወሰደውና ስልኩ ተቋረጠ።

ሰው የማይደርስበት ሜዳ ሄዳ እንግዳ ጠራች ማለት ነው። እዚያው ባልዲው ፊት ቆሜ የምናደደውን ሳልጨርስ ከሳሎን የአብዲ ድምፅ መጣ። «ሶዳ፣ ሻይ አለቀ።»

እጄን በሱሪዬ እየጠረግሁ ወጣሁ። አብዲ ተንጋሎ ስልኩን ያያል። «ውሃው በርሜሉ ውስጥ ነው» አልኩት። «ስኳሩ መደርደሪያው ላይ ነው። ቅጠሉ አጠገቡ ነው። እግር አለህ።»

በዚያ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ለእንግዳ ተብሎ አያውቅም። የተኛው ሁሉ ቀና አለ። እኔ ራሴ ከአፌ በመውጣቱ ደነገጥኩና ወደ አዴ ሞሚና ዞርኩ፤ ልጃቸው ነው፣ እንግዳዬ ነው፣ ተቀይመው ቢነሱ ነገሩ እስከ ፊልቱ ይደርሳል። ረጅም ጊዜ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አብዲ፣ ተነስ» አሉት።

አብዲ ተነሳ። ማዕድ ቤት ገባ። ብዙ ቆየ፤ ዕቃ ሲንኳኳ ይሰማል፤ የሻይ ሽታ ግን የለም። ሄጄ አየሁት። ክብሪቱን ይዞ ምድጃው ፊት ቆሟል፤ ያ ሁሉ ሸቀጥ የሚያዘዋውር ነጋዴ ምድጃ እንዴት እንደሚለኮስ አያውቅም። ክብሪቱን ተቀብዬ አሳየሁት። እኔም የተማርኩት በዚያው ሳምንት ነበር።